እሸቴን የዘፈዘፈችው ቃል

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ያለው እሸቴ እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን ዛሬ ራሱ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ እየሳቀ ያወራዋል። እስካለፈው ክረምት ድረስ ግን እንዲህ ብሎ የሚደፍረው ሰው ቢገኝ፣ የተኮሰለትን ሱሪ መልሶ ይጨማድድበት ነበር።

እንግሊዝኛውን የለቃቀመው ከልብስ ላይ ነው። ሌላው ሰው ከመጽሐፍ ሲማር እሸቴ ከአንገትጌ ሥርና ከኮት ኪስ ውስጥ ከተሰፉ ጨርቆች ተማረ። «ኮተን» ያውቃል፣ «ዎሽ» ያውቃል፣ «ዱ ኖት»ን ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። የቀረውን በግምት ይሞላዋል። ከስድስት ኪሎ ሸሚዝ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ሲቀልዱበት ለሁሉም መልሱ «ኖ ፕሮብሌም» ስለነበር፣ ሰፈሩ ጋሽ ኖ ፕሮብሌም ብሎ ሰየመው። አራዶቹ ሊያላግጡበት ያወጡትን ስም እሱ እንደ ማዕረግ ተቀብሎት ኖረ።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ኤደን ባትኖር። ኤደን ከሚስቱ ከአልጋነሽ የወለዳት አንድ ልጁ ናት። አልጋነሽ የባሏን እንግሊዝኛ ልክ ታውቃለች፤ እግዜር ይስጣትና አፏን ይዛ ኖራለች። ኤደን ግን የቤት ሥራዋን እያገላበጠ «ቬሪ ጉድ» የሚላትን አባቷን እየሰማች አደገች፣ ተመረቀች፣ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘች። እሸቴ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ይህች ልጅ አንድ ቀን ታውቅብኝና ትስቅብኛለች የሚለውን።

ሐምሌ ላይ ኤደን ከዮኤል ጋር ቀለበት ልታስር ሆነ። የዮኤል እናት ወይዘሮ ተሾመች አለባበስ የሚያውቁ፣ ጥንቅቅ ያሉ ሴት ናቸው። ለወደፊት ምራታቸው አንገትጌው ነጭ ዳንቴል የሆነ ወይን ጠጅ የሐር ቀሚስ ገዝተው ላኩና በዕለቱ ይህንኑ ልበሺልኝ አሉ። ኤደን ስትለካው የከንፈር ቀለም አስነካችው።

«ቦሌ ትልቅ ላውንደሪ አለ፤ እዚያ ልውሰደው» አለች።

«የልጄን ቀሚስ ለባዳ እጅ? እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ተጎልቻለሁ?»

«እሺ፤ የተጻፈውን ግን አንብበው አባዬ፤ ሐር ነው።»

«ኖ ፕሮብሌም!»

አነበበው። «ዱ ኖት» ይላል፤ ደህና። የሚቀጥለውን ቃል ፊደል በፊደል ተሻግሮ «ሶክ» ላይ ደረሰ። ሶክስ ካልሲ መሆኑን ማን ያጣዋል? መሀል ላይ አንድ ትርፍ ፊደል የተሰነቀረች መስሎት ነበር፤ እንግሊዝ ፊደል አይቸግረውም ብሎ አለፋት። ዱ ኖት ሶክ፤ ከካልሲ ጋር አትጠብ። እንዲያውም የቀሚሱን ሠሪዎች አስተዋይነት አደነቀ። ከሳፋው ውስጥ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ሳፋውን ፈትጎ አጠበ፣ ካልሲዎቹን ቀሚሱ እንዳያያቸው ይመስል ወደ ጓዳ አሻገረ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ሞላ፣ የዱቄት ሳሙና በተነበት፣ ቀሚሱን ዘፈዘፈና ምሳውን ሊበላ ሄደ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ አያውቅም።

ሲመለስ ውሃው ወይን ጠጅ ሆኗል። ዳንቴሉ ከቀይ ሥር ጋር የተቀቀለ ድንች መስሏል፤ ሐሩም ቦታ ቦታው ገርጥቶ ተኮማትሯል። እሸቴ ክው አለ። ኤደን ከሥራ ስትመጣ «የፋብሪካው ቀለም የማይረባ ነው» ሊላት ቃሉን ሲያመቻች፣ ቀደም ብላ አንገትጌው ሥር የተሰፋውን ጽሑፍ ገልብጣ አየችው።

«አባዬ፣ አትዘፍዝፍ ይላል እኮ።»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

«ይኸው፤ ዱ ኖት ሶክ።»

«እኮ! አንድም ካልሲ አላስገባሁም!»

ልጅቷ አፈጠጠችበት። ነገሩ ሲገባት አልሳቀችም፤ ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳችው። የካልሲው ቃልና እዚህ የተጻፈው በእንግሊዞች አፍ ይለያያሉ፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም «ሶክ» ሆነው ቁጭ ይላሉ። ይኼኛው ልብስ መዘፍዘፍ ነው፤ ባቄላ ውሃ ውስጥ ማሳደርም ነው። ዝናብ ያበሰበሰው ሰው በዚሁ ቃል ይጠራል። ስፖንጅ ውሃ ሲመጥ፣ ተማሪ ትምህርት ሲቀስም፣ ያው ነው። መጠጥ የማይለየውን ሰውም እንዲሁ ይሉታል፤ ደንበኛን በዋጋ መግፈፍም ከዚያው ይቆጠራል።

እሸቴ እየሰማ ራሱን መረመረ። ከመጠጡ በቀር የማይመለከተው አላገኘም። ትምህርቱንም ቢሆን ወንዝ ውስጥ እንደኖረ ድንጋይ ነው የቀሰመው፤ ላዩ ርሷል፣ ውስጡ ደረቅ ነው።

«ለወይዘሮ ተሾመች እኔ ነኝ ያጠብኩት እላለሁ» አለች ኤደን። «እኔን ሙያ የላትም ቢሉኝ ያልፋል። አንተ ግን በዚህ ሥራ ስም አለህ።»

እሸቴ ይህን ሲያወራ እዚህ ቦታ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። እሺ አላት፤ ያውም እፎይ ብሎ።

እሑድ እንግዶቹ ገቡ። ኤደን የዱሮ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ወይዘሮ ተሾመች ራሳቸው ከዚያው ሱቅ የተገዛ፣ የዚያው ሐር ቀሚስ ለብሰው ነበርና ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው ልጅቷ ላይ አረፈ።

«ቀሚሱስ ልጄ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አጥቤ አበላሸሁት።»

«አንቺው? ሐር?» አሉና ወደ ዮኤል ዞር አሉ። አስተያየታቸው «የመረጥካት ይህችን ነው?» ይላል። ዮኤል አቀረቀረ። ኤደን ፊቷ ቀላ።

እሸቴ ለማያውቀው እንግሊዝኛ ክብር ሲል ልጁን በአማቷ ፊት ሙያ ቢስ አስብሎ ተጎልቷል። በራሱ አፈረ፤ ብድግ አለ።

«ልጄ እጇ የለበትም፤ የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። ዱ ኖት ሶክ ይላል፤ እኔ ከካልሲ ጋር አትጠብ ማለት መስሎኝ ነው። እንግሊዝኛ አላውቅም ወይዘሮ ተሾመች። አላውቅም፤ ዱሮም አላውቅም ነበር።»

ወይዘሮ ተሾመች ቀስ ብለው እግራቸውን ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ።

«ታዲያ ምን ማለት ኖሯል?» አሉ።

«አትዘፍዝፍ።»

«ውይ በሞትኩት! ባለሱቋ ዱ ኖት ሶክ ይላል ብላ ስታነብልኝ እኔ ደግሞ በካልሲ አይለበስም ማለት መስሎኝ፤ ስቶኪንጌን አውልቄ፣ በዚህ በሐምሌ ብርድ...» ቀሚሳቸውን ትንሽ ገለጥ አደረጉ። ቅልጥማቸው ባዶውን ነው፤ ብርዱ አንዘፍዝፎታል።

መጀመሪያ የሳቀው ዮኤል ነው፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተደበላለቀ። አልጋነሽ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አምጥታ አማቲቱን አለበሰቻቸው። ኤደን ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ አባቷ ትከሻ ላይ ወደቀች።

«አባዬ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፤ «እኔ እኮ ከሕፃንነቴ ነው የማውቀው። ያንን የእንግሊዝኛ ተረት ስታነብልኝ አንበሳው በየቀኑ ሌላ ሚስት ያገባ ነበር!»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ልጁ ሳቀችበት፣ ያውም እያቀፈችው። እንዲህ ደስ እንደሚል የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እሸቴ ገና አንበሳው ሁለተኛዋን ሲያገባ ይናዘዝ ነበር።