አይቼ ዝም ያልኩት ጎማ

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። ወንድሜም አያውቀውም። ዶሃ ሳለሁ ንስሐ የተቀበሉኝ አባት እንኳ አያውቁትም። ለእርሳቸው ጾም መሻሬን፣ መጠጣቴን፣ ሰው ማማቴን ተናገርኩ። ቀለል ቀለል ያለውን ከላይ እየዘገንኩ ሰጠኋቸውና የሸተተውን ከታች አስቀረሁት። እነሆ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ላውጣው። ልታጽናኑኝ ግን አትሞክሩ፤ መጽናናት አልፈልግም።

በፈረንጆቹ ከ2014 እስከ 2018 ዶሃ አጠገብ ባለችው ረያን የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበርኩ። ባባ፣ ማዳም፣ ሦስት ትንንሽ ሴቶች ልጆችና ጃሲም የሚባል ታላቅ ወንድማቸው በቤቱ ይኖራሉ። ምግብ የምታበስለው የአገሬ ልጅ እታገኝ ነበረች፤ የደብረ ብርሃን ገጠር ልጅ፣ ዕድሜዋ ሃያ አራት። እኔ በሩ አጠገብ ባለችው የሹፌር ክፍል፣ እርሷ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነበር የምናድረው። በዕድሜ ስለምበልጣት ጋሼ ትለኛለች። በጾም ቀን የማዳምን ሥጋ ሠርታ ስትጨርስ ለእኔም ለራሷም ምስር ትቀቅልና በተከደነ ሳህን ታወጣልኛለች። በዚያ ቤት እንደ ሰው የምታየኝ እርሷ ነበረች።

ወደ ዶሃ ከመምጣቴ በፊት ሞጆ ላይ ዘጠኝ ዓመት ጎሚስታ ነበርኩ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ «ሳያውቅ ነው» የሚል ሰው እንዳይመጣ በሩን ከአሁኑ ልዝጋው። እኔ ጎማ አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳስሼ ያረጀውን ካላረጀው እለያለሁ።

ጃሲም አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰሞን አጎቱ አሸዋ የሚወጣ ፎር ዊል መኪና ሰጠው። ሞተሩ ደህና ነው፤ ጎማው ግን አልቋል። ማዳም ልጇ በረሃ ለበረሃ ሊጋልብ መሆኑን እያሰበች ምግብ አልበላላት አለ። አንድ ጠዋት ጠራችኝና፣ «አንተ ጎማ ታውቃለህ። ለሁሉም ወቅት የሚሆነውን ምረጥለት፤ በአስፋልቱም፣ ዝናብ ሲጥልም፣ አሸዋ ላይም የማይከዳውን። ልጄን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ» አለችኝ። ባባም፣ «እርሱ የሚለውን አትስማ፤ አንተ ያልከው ይገጠም» አለ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ልቤ አበጠ።

ከጃሲምና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጋራዦቹ ወዳሉበት ወደ ሰናኢያ ሄድን። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ለሁሉም ወቅት የሚሆን አዲስ ጎማ አገኘሁለት፤ ጥርሱ መካከለኛ፣ ጎኑ ጠንካራ፣ እናቱ የጠየቀችው ዓይነት። ጃሲም አየውና፣ «ይሄ የአስተማሪ መኪና ጎማ ነው» አለ። እርሱ የፈለገው ጥርሱ የገጠጠ፣ ከሩቅ የሚያስፈራ ጎማ ነው። እንዲህ ያለው አሸዋ ላይ እንደሚቆፍር፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ እንደሚንሸራተት ልነግረው ሞከርኩ። ወደ ጓደኞቹ ዞረና፣ «ስሙት! እነርሱ አገር አህያም ጎማ አላት እንዴ?» አለ።

ሳቁ። ባለ ሱቁም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እውነት ለመናገር ሥራ የጀመርኩት የጋሪ ጎማ በመለጠፍ ነው፤ ልጁ ሳያውቅ ነው የነካኝ። በልጅ አፍ የወጣች አንዲት ቀልድ! ከዚያ የባሰ ስድብ ስንት ጊዜ ውጬ የለ? ያን ቀን ግን አልዋጥ አለኝ። 

ሁለተኛው ሱቅ ጠባብ ነበር፤ ጃሲም የሚፈልገው ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ አራቱም ደጁ ላይ ተደርድሯል። ልጁ ገና ሲያየው ጮኸ። ጓደኞቹ ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። በዚህ መሃል ቢሽኑ የሚባል ኔፓላዊ ሠራተኛ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ ወደ ጎማው ወሰደኝ። በጨርቅ አቧራውን ጠረገና ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች በጣቱ አሳየኝ። ጎማ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። «ቀዲም» አለኝ በዝግታ፤ አሮጌ ነው ማለቱ ነው። ጌታው እንዳይሰማው ዞር ብሎ አየና ደገመልኝ፤ «ቀዲም፣ ቀዲም።»

ስምንት ዓመት ሆኖታል። ጥርሱ ያልተበላው ቀድሞ ተገጥሞበት የነበረው መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለኖረ ነው፤ ጎማ ግን ቆሞም ይሞታል። በጥርሶቹ መሃል ጥፍሬን ሰደድኩ። እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አየሁት። በጥፍሬ ነካሁት። አወቅሁት።

በዚያው ቅጽበት ባባ ደወለ። ጃሲም ስልኩን ሰጠኝ።

«እንዴት ነው? ጥሩ ነው?»

«ተማም ባባ፣ ደህና ነው» አልኩ። «እኔው ነኝ የመረጥኩት።»

ቢሽኑ ጨርቁን እንደያዘ ያየኝ ነበር።

ለምን እንዲህ አልኩ? የታየኝን ልንገራችሁ። ጃሲም አሸዋ መሃል ጎማው ፈንድቶበት፣ ጓደኞቹ እየሳቁበት፣ ላብ በላብ ሆኖ ደውሎ «ና አውጣኝ» ሲለኝ ታየኝ። እኔም ቀስ ብዬ ስሄድ። ጣፈጠኝ። እንደ ማር ጣፈጠኝ። የሰው ሞት አልመጣልኝም ብዬ ልከራከር? ማንን ላታልል! ሞጆ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚበር መኪና ጎማው ሲፈነዳ ሰው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተረፈውን ቸርኬ ከነደሙ ወደ እኛ ሱቅ ያመጡት ነበር። አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዕውቀቴን ወደ ጎን አደረግሁት፤ ለዚያች ጣፋጭ ሥዕል ቦታ እንዲለቅ።

ከዚህም የሚከረፋ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ያህል በየማለዳው ያን መኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስንጥቁ ሲሰፋ አየሁ። ጎማ የሚያጠቁረውን ቅባት ገዝቼ በስፖንጅ እየቀባሁ እንዲያብረቀርቅ አደረግሁት። ባባ በአጠገቡ ሲያልፍ «ማሻአላህ፣ አዲስ ይመስላል» አለኝ። አመሰገንኩት። ስድቡ እኮ የአንድ ደቂቃ ነበር፤ የእኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ በየማለዳው፣ በገዛ እጄ! 

ብርዱ ሲገባ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ በረሃ ድንኳን ሊተክል ተነሣ። ባባ ቀድሞ ሄዷል። እኔ ማዳምንና ሴቶቹን ልጆች እነዳለሁ፤ ጃሲም በራሱ መኪና ዕቃውንና ምግቡን ይጭናል። ማዳም እታገኝን ከምግቡ ጋር በጃሲም መኪና እንድትሄድ አዘዘቻት። እታገኝ ድስቱን አቅፋ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሲነዳ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ከሻንጣው ጋር ተጣጥፌም ቢሆን ከአንተ ጋ ልግባ?»

ቦታ ነበር። ከኋላ ሁለት ሻንጣ ባነሣ ትገባ ነበር። ለማዳም አንድ ቃል ብናገር ትፈቅድ ነበር። ግን «ለምን?» ብትለኝስ? ስለ ጎማው ልነግራት ነው? ሁለት ወር ሙሉ የቀባሁትን?

«ግቢ፣ ምንም አትሆኚም» አልኳት።

«ኢንሻአላህ በል እንጂ!» ብላ ሳቀች።

«ኢንሻአላህ» አልኩ። በሩን የዘጋሁላት እኔ ነኝ። ድስቱን ጭኗ ላይ ስላደረገች ቀበቶ አላሰረችም። ያንንም አይቻለሁ።

ከከተማ ወጥተን ብዙም አልሄድን። እኔ ከኋላ ነኝ። የግራው የኋላ ጎማ ልጣጩ እንደ ሙዝ ተገፎ ሲበር አየሁ፤ ቀጥሎ ድምፁ መጣ። መኪናው ዞረ፣ ከአስፋልቱ ወጣ፣ አሸዋው ላይ ሁለቴ ተገለበጠ። ማዳም የልጇን ስም እየጠራች ጮኸች። ጃሲም ግንባሩ ደምቶ በመስኮት ተሳቦ ወጣ። እታገኝ አልወጣችም። ሮጬ ደረስኩ። ቀኝ እጇ ከመኪናው ብረት ሥር ነበር። መንገደኞች ደርሰው ብረቱን ከፍ ሲያደርጉልኝ ጎትቼ አወጣኋት። ሩዙ አሸዋው ላይ ተበትኗል። በግራ እጇ ኮሌታዬን ጨምድዳ ይዛ፣ «ጋሼ እንዳትሄድ፤ ጋሼ እንዳትሄድ» ትላለች። ሆስፒታል ስትደርስ እጇን ከክርኗ በላይ ቆረጡት።

በሦስተኛው ቀን ባባ ወደ ጎማው ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ባለቤቱ ላይ ጮኸበት። ባለቤቱ ደግሞ ቢሽኑን ጠርቶ ጮኸበት። ቢሽኑ በጣቱ እኔን አሳየ፤ «ለእርሱ ነግሬዋለሁ። ቁጥሩን አሳይቼዋለሁ» አለ። ባባ ወደ እኔ ዞረ።

«ወላሂ አልነገረኝም» አልኩ።

አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ በአላህ ስም በሐሰት ማልኩ። በየትኛው እምነት ይሆን ይህ ነውር የማይሆነው? ባለ ሱቁ ቢሽኑን፣ «ኸላስ፣ ዕቃህን ያዝና ውጣ» አለው። ቢሽኑ ዕቃውን ይዞ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እግሬ ሥር ምራቁን ተፋ። ባባ ሊመታው እጁን ሲያነሣ እኔ ነኝ የያዝኩት፤ ደግ ሰው መስዬ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃሲም ክፍሌ ድረስ መጣ። ገብቶባት አያውቅም ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ነግረኸኝ ነበር፤ ሳቅሁብህ። እጇን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አለ። ከዚያ ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ፤ «ጎማው አሮጌ መሆኑን አንተም አታውቅም ነበር፣ አይደል?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሁለታችን ብቻ ነን። «አላውቅም ነበር» አልኩት። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የእኔን ኃጢአት ተሸክሞ ከክፍሌ ሲወጣ አየሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ደግሞም ቀለለኝ። ቀለለኝ! ጃሲም እኔ እስከምወጣ ድረስ ዳግመኛ መሪ አልያዘም።

እታገኝ ስትድን ወደ አገሯ ተመለሰች። ለሚያገኛት ሁሉ «ጋሼ ነው ከሞት ያወጣኝ» ትላለች። እናቷ ደውላ «እጅህ ይባረክ፣ ልጄን ያተረፍክ» እያለች መርቃኛለች፤ እኔም ከልቤ እንደሚገባው ሰው «አሜን» ብያለሁ። 

በ2018፣ ዶሃን ልለቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ እታገኝ ደወለች። አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

«ጋሼ፣ ከአንተ ሌላ የክርስትና አባት አልመርጥለትም። በአርባ ቀኑ ድረስልኝ።»

«እመጣለሁ» አልኩ። አልሄድኩም። ባባ ፈቃድ አልሰጠኝም ብዬ ዋሸኋት፤ እርሱ ግን ምንም አልተጠየቀም። አንዲት እጅ ያላት እናት ልጇን ስታቀብለኝ የምቆምበት እግር አልነበረኝም። እንዳይመስላችሁ፣ ኃፍረት ብቻ አይደለም፤ ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች ብዬም ፈርቻለሁ። እስከ መጨረሻው የማስበው ለራሴ ነው።

ከክርስትናው በኋላ መልሳ ደወለች። ተቆጥታ ነበር፤ ቀጥላ ሳቀች። «በቃ ይቅር ብዬሃለሁ፤ የሰው ቤት ሹፌር ምን ታደርግ» አለችኝ።

እርሷ ይቅር ያለችኝ ክርስትናው ላይ ስላልተገኘሁ ነው። ስለ ሌላው ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ስለዚህ ይቅር አልተባልኩም። ከእናንተም አልጠይቅም፤ የተቆረጠው እጅ የእናንተ አይደለም።