ሳልጠግብ የተነሳሁ ለት

ዳክዬ ከምግብ ላይ መቼ እንደምትነሳ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አምስተርዳም ውስጥ የለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እሱም አስተማሪው ሰልችቶኝ እንጂ ከብዶኝ አይደለም።

በፈረንጅ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ አምስተርዳም ዳር ቢልመር የሚባል ሰፈር ነበር የምኖረው፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ከፎቁ ስር ኩሬ አለ። እሁድ ጠዋት የደረቀ ዳቦዬን ይዤ እወርድና ሳሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ዳክዬዎቹ ሲያዩኝ ይመጣሉ። መልከ መልካም ሰው አይረሳም።

መጀመሪያ ዳቦው ሲያልቅ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። በደንብ ስበትንላቸው ይቆያሉ፤ እያሳነስኩ ስመጣ ቀና ቀና ማለት ይጀምራሉ። አንዲት የሱሪናም አሮጊት አጠገቤ ካለው ድልድይ ላይ ዳቦ ይዛ ከቆመች በቃ፣ ከረጢቴ ውስጥ ገና ግማሹ እያለ ጥለውኝ ወደሷ! አሮጊቷ ኩሬው ማዶ ጥግ ከሆነች ግን መቅዘፉ ስለሚያደክማቸው የኔን ፍርፋሪ እየለቀሙ ይቆያሉ። ሌላው ምግብ ቅርብ ከሆነ ቶሎ ይነሳሉ፣ ሩቅ ከሆነ ይዘገያሉ። ባዶ እስኪሆን የሚጠብቅ ግን አንድም የለም።

የሚጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ሄግ ከተማ አንዲት የምወዳት ልጅ ነበረችኝ። ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ ነጻ የምትሆነው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው። ቢልመር ደግሞ እኛን ወንደላጤዎቹን እሁድ እሁድ ምሳ የሚያበሉን እትዬ አሉ። እሳቸው ማዕድ ላይ ቀድሞ መነሳት ነውር ነው። "በሞቴ!" ካሉህ አለቀ፣ ትበላለህ። እኔም ሄግ ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ይርበኛል እያልኩ አሟጥጬ ስበላ ሁለት እሁድ ባቡሩ አመለጠኝ።

"ሦስተኛ ከዘገየህ አትምጣ" አለችኝ ልጅቷ። "ሆድህን አግባው።"

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የዚያን ሳምንት እንቅልፍ እንኳን በደንብ አልወሰደኝም፤ እኔ የምባለው ሰው!

እሁድ ደረሰ። እትዬ ዶሮውን አቀረቡ፣ በላሁ፣ ጣፈጠኝ። ሁለተኛው ጭልፋ ሲጨመር ግን እጄ ዝግ ማለቱን አየሁት። ከመጉረስ ወሬው በዝቷል። ዳክዬዎቹ ትዝ አሉኝ። ብድግ አልኩ።

ማዕዱን የከበበው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን አጎደልኩብህ?" አሉ እትዬ።

"ኧረ ምንም እትዬ፣ ባቡር እንዳያመልጠኝ ነው።"

"እንቁላሉን ሳትነካ? በሞቴ ተቀመጥ!"

አጠገቤ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ ሹፌር ስለነበሩ አማርኛው ላይ ማንም አይችላቸውም። "ተዪው" አሏቸው። "ይሄ ልጅ ወጥ ጥሎ ከተነሳ ወይ ታሟል፣ ወይ ሴት አለች።"

እትዬ ግንባሬን ዳሰሱኝ። "አልታመመም።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ በሕይወቴ የደፋሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ታዲያ ምን ይገትርሃል፣ አንተ ጅል!" ብለው እትዬ እዚያው እንደቆምኩ አጎረሱኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን በር ላይ ደገሙኝ፤ እንቁላሏን በፎይል ጠቅልለው ኪሴ ከተቱ።

ከሜትሮ ወደ ባቡሩ እንዴት እንደሮጥኩ! ያን ቀን ውድድር ቢሆን ሜዳሊያ ነበረኝ።

ሄግ ጣቢያ ስወርድ ልጅቷ የግድግዳው ሰዓት ስር ቆማለች። ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ምነው፣ ሆድህን ፈታኸው እንዴ?"

"ተፋታን" አልኩና እንቁላሏን አወጣሁ። "ይቺ ድርሻዬ ናት።"

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን ለሁለት ገመስናት። የሷን በልታ የኔን ግማሽ ማየት ጀመረች። ሰጠኋት። እንቁላሏ አልቃም እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።