የእናቴ ወረንጦ

ወረንጦ ስይዝ እስከ ዛሬ እጄን ያልበኛል። ባለፈው ሳምንት ልጄ እግር ውስጥ የገባ እሾህ ላወጣ ከጎረቤት ተውሼ ስይዘው፣ ያ የብረት ሽታ ከጣቴ ወደ አፍንጫዬ መጣና ልጅቷ እግሯን እንደ ዘረጋች ፈዝዤ ቀረሁ። «እማዬ፣ የፈራሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለችኝ። እኔ ነበርኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ወዳጄ።

ያደግሁት ከመካነ ሰላም ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። እናቴ የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ይወጋት ነበር። የግራ ዓይኗ ያኔውኑ ጉም ለብሷል፤ የቀረላት ቀኙ ነው። ፀጉሩን ለመንቀል ጥሩ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል፤ ከቤታችን ሰው ሁለቱም ያለኝ እኔ ስለነበርኩ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሥራው የእኔ ሆነ። አርብ አርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ስታርፍ፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ወረንጦ ፈትታ ትሰጠኝና ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች። ፀጉሯ ቅቤና አደስ ይሸታል። እናቴ ማቀፍ የማታውቅ፣ ስታመሰግን እንኳ የተቆጣች የምትመስል ሴት ነበረች። ያን ጊዜ ብቻ ክብደቷን ሁሉ ለእኔ ትተውልኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሕክምና ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ዓይን ሊያክሙ ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩ። መጀመሪያ ያስተማሩት እኛን ነበር፤ ቤታችን ሄደን እንድንናገር። አንድ ቀጭን ተማሪ የሰፋበትን ጋውን እጅጌ እየሰበሰበ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዓይን ሣለ። ፊት ስለመታጠብ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ነገረን። ቀጥሎ ጠመኔውን የዓይኑ ቆብ ላይ አሳርፎ፣ የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ እንደሚበቅል፣ እየወጋ ብሌኑን እንደሚያቆስል፣ ብዙ ለተቀለበሰበት ሰው መንቀል ሕመም ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ከመታወር እንደማያድን አስረዳን። መድኃኒቱ ቆቡን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ነው አለ።

ልጆቹ በሥዕሉ ይስቃሉ። እኔ ግን በሆዴ ዓመት እቆጥራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ሳሳውራት ኖሬ ከሆነስ?

ቤት ገብቼ ስነግራት ወረንጦውን ከልብሷ ሥር ከተተችው። ከላላ ወረዳ ያለች አንዲት ዘመዳችን ዓይኗን ተቀድዳ ታወረች ይባል ነበር፤ ሴትየዋ ለሕክምና የሄደችው ዓይኗ ከጠፋ በኋላ መሆኑን የሰማነው ቆይተን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች ስትመዘግብ እናቴ ሳታንገራግር ተመዘገበች። በመታያዋ ቀን ጠዋት ግን፣ አርብ ሳይሆን፣ ወረንጦውን ፈትታ ሰጠችኝ።

«አንድም እንዳታስቀሪ» አለችኝ። «አይተው ደህና ነሽ ይበሉኝና ልመለስ።»

ነቀልኩ። በእኛ ቤት ለእናት እምቢ አይባልም። ስጨርስ ወረንጦውን ልመልስላት ረሳሁና ኪሴ ከተትኩት።

ምርመራው የሚደረግበት የትምህርት ቤቱ ክፍል ጠመኔና አልኮል ይሸት ነበር። ተራዋ ሲደርስ ያው ቀጭን ተማሪ፣ የአገራችንን የማጽናኛ ቃል ለምዶ፣ «አብሽሩ እማማ» አላትና ባትሪ አብርቶ ዓይኗን አየ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቸኩሏል። የተቀለበሰ ፀጉር እንደሌላት ነግሯት መዝገቡ ላይ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። እናቴ ሻሿን እያስተካከለች ተነሳች።

ኪሴ ውስጥ ወረንጦውን ጨበጥኩት። ብናገርና ተቀድዳ ብትታወር ያሳወርኳት እኔ ነኝ። ዝም ብልም እኔው ነኝ።

ወረንጦውን አውጥቼ መዝገቡ ላይ አስቀመጥኩት። «ዛሬ ጠዋት ነቅዬላት ነው» አልኩ።

ተማሪው ደንግጦ መምህርቱን ጠራ። መምህርቷ ጠና ያለች ሴት ነበረች፤ ማጉያ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየች። አልተቆጣችውም፤ የተነቀለው ፀጉር ሥሩ የት እንደሚታይ አሳይታው እንደገና እንዲያይ አደረገችው። ከዚያ እናቴ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ቀኙም መቁሰል መጀመሩን፣ ዛሬውኑ ቢሠራ እንደሚተርፍ፣ አልፈልግም ካለች ግን ማንም እንደማያስገድዳት በቀስታ ነገረቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ አላየችም።

«አላህ ያውቃል» አለችና ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገባች።

እኔ ውጭ ባሕር ዛፉን ተደግፌ ቅርፊቱን ስልጥ ቆየሁ። ዓይኗን በፋሻ ተሸፍና ወጣች። ትከሻዬን ይዛ እስከ ቤት ስንሄድ «ድንጋይ አለ»፣ «ጉድጓድ አለ» እያልኩ መራኋት። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ የረዘመብኝ መንገድ የለም።

በማግስቱ ፋሻውን የፈታው ተማሪው ነው። እናቴ ዓይኗን ገልጣ ጨፈነች፤ ደግማ ገለጠች። መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ከንፈርሽ ደርቋል» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም?»

እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።

ተማሪው በሚቀጥሉት መንደሮች ሲያስተምር የራሱን ስህተት ሊናገርበት ወረንጦውን ለመናት፤ ሰጠችው። አርብ ሲደርስ ከልማዴ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ማጭዷን ይዛ ባጠገቤ አልፋ ሄደች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከፍቶኝም ነበር። ጭኔ ላይ የምትተኛበት ምክንያት እንደሌላት ያኔ ነው የገባኝ፤ ይህን ለሰው ስናገር ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።

ዘንድሮ ለኢድ ስሄድ በጣም አርጅታ አገኘኋት። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «የሆነ ነገር እየቆጠቆጠኝ ነው፣ እስቲ እዪልኝ» ብላኝ ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፈች። የቀኝ ዓይኗን ቆብ ገለጥኩ። ፀጉሩ ሁሉ ወደ ውጭ ነው፤ ዓይኗ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም።

«አገኘሽው?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። «ገና ነው፤ አትነሺ።»