ከሾፌሩ ወንበር ላይ

ዛሬ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ቃሊቲ አስፋልቱ ዳር ቆመን ሳለ፣ ከጎሚስታው ደጅ የማስቲሽ ሽታ መጣና ጋሽ በቀለን አስታወሰኝ።

ያኔ ተማሪ ሳለን እኔና እህቴ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድብን በቆመ ከባድ መኪናና በተሳቢው መሀል ሾልከን እንሻገር ነበር። አንድ ቀን ጎሚስታው ጋሽ በቀለ ያዙን። ይገርፉናል ብዬ ስፈራ፣ ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ከባድ መኪና ላይ አውጥተው ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እህቴን ከመኪናው ፊት ጥግት አድርገው አቆሟት።

«እህትሽ ትታይሻለች?»

«ኧረ አትታየኝም ጋሼ!»

«ሾፌሩም እንዳንቺው ነው፤ ከኋላ ከተሳቢው መሀል ደግሞ ጭራሽ አያይሽም። ዓይኑን ሳታዪ እንዳትሻገሪ።»

ልጄ እጄን ጎተተኝ። ለካ መኪና እየመጣ ሳላስበው አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ አውርጄ ኖሯል።

«እማዬ ቆዪ! ሾፌሩ ገና አላየንም።»

ሾፌሩ አየንና እጁን አነሳልን። እፎይ! በየጠዋቱ ይህንኑ ስጨቀጭቀው ልጄ የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።