«ሥራ የለኝም» ያለው ባለሱቅ

ከልጄ አባት ጋር ስንፋታ ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነበር። እሱ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሞጣ ተመለሰ፤ እኔ እዚያው ቢቸና ማስተማሬን ቀጠልኩ። ክፉ ጠብ አልነበረንም። ብቻ ስለ ልጅቷ ቀለብ ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክ እንቢ ይለዋል። ሲመረኝ ከሰስኩት።

ቀርቦ «ሥራ የለኝም፤ እናቴ ቤት ነው የምበላው» አለ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞር ብለው «ገቢ እንዳለው ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። ከወሬ በቀር ምን አለኝ? ለሌላ ቀን ተቀጠርን።

ቀጠሮው ሳይደርስ፣ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብለን ደብተር ስናርም፣ አንዲት ባልደረባዬ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ይሄ ሰውዬ ያንቺው አይደለም?»

እሱው ነው። ፌስቡክ ላይ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከሥሩ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ሱቃችንን ከፍተናል፤ ኑና ጎብኙን» ይላል።

እኔ ፌስቡክ አልነበረኝም። ባልደረባዬ ያኔውኑ ከፈተችልኝና እህቴ ሰርግ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ለጠፈችበት። የእሱን ደግሞ ከነአስተያየቶቹ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን አሳተምነው። ማሽኑ ፊቱን ከሰል አስመሰለው፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

በቀጠሮው ቀን ወረቀቱን ሰጠሁ።

«የአጎቴ ልጅ ሱቅ ነው፤ እኔ ለፎቶ ነው የቆምኩት» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ታች አነበቡ። አንድ ደንበኛ «የባጃጅ ባትሪ አለ?» ብሎ ጠይቋል። እሱ ደግሞ በገዛ ስሙ «አለ። ጠዋት ና፤ የምከፍተው እኔው ነኝ» ብሎ መልሷል።

«ይሄንንም የጻፈው የአጎትህ ልጅ ነው?»

እሱም ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እህቴ ሰርግ ላይ የተነሳሁት ያ የፌስቡክ ፎቶ ነው።

«እሷም አልተቸገረችም፤ ቀሚሷን ይዩት።»

ፊቴ ጋለ። «የተከራየሁት ነው» አልኩ። የችሎቱ ጸሐፊ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ዳኛዋ ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ «ሰርግ መሄድ ሀብት አይደለም፤ አሁን የያዝነው የልጅቷን ነገር ነው» አሉ። በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል ተወሰነ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«እንዲህ ታዋርጂኛለሽ?»

«ስልክ ብታነሳልኝ እዚህ ባልደረስን።»

አንድ ደረጃ ወረደ። «ጥርሷ ወለቀ ወይ?» አለኝ።

«ሁለቱ። ሦስተኛው እየተነቃነቀ ነው።»

«ለክረምት ላኪያት።»

«መጥተህ ውሰዳት።»

እውነትም ትምህርት ሲዘጋ መጣ። ቀለቡንም ከዚያ ወዲህ አላጓደለም። ልጄ ከሞጣ የተመለሰችው ቀሚሷን ግራሶ አስነክታ፣ ካንዴላን ከፍሬን ሸራ መለየት ችላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤቱን ባጃጅ ሁሉ ስትመረምር ሰነበተች።