ምሳሌ ያደረግኳቸው እናት

የጠመኔ ብናኝ በሸተተኝ ቁጥር ጉለሌ የተማርኩበት ስምንተኛ ክፍል ይመጣብኛል፤ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲቀጠቅጠው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በተሰበረው መስኮት ሲገባ። ጊዜው የደርግ ነበር። ዴስክ የምጋራው ከአንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሴት ልጅ ጋር ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ቆሎዋን እያካፈለችኝ ወንድሟን ከቤት እንደወሰዱት ነገረችኝ። እናቷ በየቀኑ ምሳ ቋጥረው እስር ቤቱን ሁሉ ያዳርሱ ነበር፤ እዚያ ሲያጡት ጳውሎስ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። «አለ» ያላቸው ግን አልነበረም። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩላት።

በዚያው ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራችን ሦስት ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሁሉንም «መዞር» እያልን መተርጎማችን አናዶታል። ስትሮል፣ አለን፣ ሆዱ የሞላ ሰው ሊናፈስ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው። ሮም ሰፊ አገርን እንዳሻ መዞር ነው። ዋንደር ግን መድረሻን ሳያውቁ መንከራተት። ለዋንደር ምሳሌ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። የጓደኛዬ እናት ልጃቸውን ካጡ ወዲህ በየእስር ቤቱ ዋንደር ያደርጋሉ አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። ማንነቷን ለማወቅ ማንም አልተቸገረም፤ ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። መምህሩ ግሱን ብቻ አይቶ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስር ከአስር ጻፈልኝ።

እሷ ተነሳች። «እማዬ የምትሄድበትን ታውቃለች» አለች። «ልጇን እየፈለገች ነው።»

መምህሩ ቁጭ በይ አላት። ፈርቶ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ልጆቹ የፀረ አብዮተኛ እህት እያሉ ሸሿት። ምን ልበላችሁ፣ እኔም ዴስክ ቀየርኩ። ወር ሳይሞላት ትምህርቷን ተወች።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲሱ ገበያ ነጠላ ስትሸጥ አገኘኋት። ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ስለ እናቷ ራሷ አነሳችልኝ። ወንድሟ እንደጠፋ ቀርቷል፤ እናቷም አርፈዋል።

«መጨረሻ ላይ ወዴት ነው ስንላት አታውቅም ነበር» አለችኝ። «ምሳ ቋጥራ መውጣቱን ግን አልተወችም።»

ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም። የመረጥኩትን ነጠላ አጣጥፋ ሰጠችኝና እጄን እንደያዘች «እናትሽስ ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ናት» አልኳት።