ፊቴ የነደደ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው በጋ ነው። እስካሁን ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው። ወላጆቼ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በምዝገባ ሥራ ላይ ነኝ። ጠዋት በሰርቪስ ሄጄ ማታ አቧራ ለብሼ እመለሳለሁ።

ብጉር ከያዘኝ አምስት ዓመት አልፎታል። ቅባቱ፣ ማሩ፣ ሎሚው፣ ያልሞከርኩት የለም። እናቴ "ስታገቢ ይጠፋልሻል" ትለኛለች። በመጨረሻ ከፋርማሲ ዶክሲ የሚባለውን እንክብል ገዝቼ በየቀኑ መዋጥ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ገበያው አጠገብ ያለ የውበት ሳሎን ብጉርን በብርሃን ማከም ጀመረ ተባለ። ቅዳሜ በባጃጅ ሄድኩ። ባለቤቷ ትዕግሥት የምትባል ቁጥብ ልጅ ናት። አስተኝታ ዓይኔን በመነጽር ከሸፈነችልኝ በኋላ ሰማያዊ መብራት ፊቴ ላይ አበራች። መድኃኒት እወስድ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ሳይጠራኝ ሃያ ደቂቃ መተኛቴ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ።

ከሦስተኛው በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ካምፑ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሜ የተሰለፉትን ስደተኞች ካርድ ሳይ ፊቴ በርበሬ የተቀባ ያህል ያቃጥለኝ ጀመር። ሰው ብዙ ስለነበር ችዬ ቀጠልኩ። እኩለ ቀን ላይ የዓይኔ ቆብ አብጦ የካርዱ ቁጥር አልታይ አለኝ።

ሰልፉ ውስጥ ሕፃን የታቀፈች አንዲት የኑዌር እናት ነበረች። ከፊቷ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀራት ሰልፉን ትታ መጣችና ጃንጥላዋን ዘረጋችልኝ። የሆነ ነገር ተናገረች። አስተርጓሚያችንን ጋትሏክን "ምን አለች?" አልኩት።

"ፊትሽ ተቃጥሏል። ልጄ ብትሆኚ እዚህ አላቆምሽም ነበር ትላለች።"

"ተራዋ እንዳያልፋት ንገራት።"

ነገራት። እሷ ግን ክንዴን ያዘችና እስከ ክሊኒኩ ድረስ በጃንጥላዋ ከልላ አደረሰችኝ።

ነርሱ ምን እንደምወስድ ጠየቀኝ። ስለ እንክብሉም ስለ መብራቱም ነገርኩት። በረጅሙ ተነፈሰ።

"ዶክሲ ቆዳሽ ፀሐይ እንዳይችል ያደርገዋል። መብራቱም አባብሶት ይሆናል፤ እርግጠኛ መሆን አልችልም። እዚያ የጠየቀሽ ሰው የለም?"

"እኔም አልተናገርኩም" አልኩት።

ሁለት ሳምንት ቤት ዋልኩ። ቆዳዬ ተላጠ። ሲሻለኝ ልጣላት ብዬ ትዕግሥት ጋ ሄድኩ። ፊቴን ስታይ ደንግጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ማሽኑን ሲሸጡልኝ ይህን ጠይቂ ያለኝ የለም" አለች።

ለመጣላት ጉልበት አጣሁ። ነርሱ የነገረኝን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እሷም ደንበኛ ከመተኛቷ በፊት የምትጠየቀውን በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

ብጉሩ አሁንም አለ። ጉንጬ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ተጨምሮበታል። ምክር የሚሰጠኝን ሁሉ "እሺ" ብዬ አልፋለሁ፤ መከራከር ደክሞኛል።

የሚቆጨኝ የያቺ እናት ነገር ነው። ጋትሏክ ተራዋን አስጠብቆላት ነበር፤ ስሟን ግን አልያዘውም። አሁንም ሰልፍ ፊት ስቆም ሕፃን የታቀፉትን አንድ በአንድ አያለሁ። ግን አብራኝ ቆማ ሰላም ብትለኝም አላውቃትም። እሷ ፊቴን አይታ ደረሰችልኝ፤ እኔ ዓይኔ አብጦ ስለነበር የእሷን በደንብ አላየሁትም።